በመንግሥት እጅ ሳለ ሕይወቱ ላለፈ የአእምሮ ሕመምተኛ ቤተሰብ የሚከፈል ካሳ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

በመንግሥት ሆስፒታል ተኝቶ ሲታከም የሞተ የአእምሮ ሕመምተኛ ቤተሰብ ካሳ የሚጠይቅበት ለብቻው የወጣ አዋጅ በኢትዮጵያ የለም። ጥያቄው የሚቀርበው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በተለይም ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገረው ክፍል መሠረት ነው።

የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር፣ የጣና ዳር ሕመምተኛ ከአስታማሚው ጋር የዓባይን በረሃ አቋርጦ ይሄድ ነበር። ዛሬ በባሕር ዳር ከተማ ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ፤ አንደኛው በ1950ዎቹ የተመሠረተውና ለክልሉ ሕዝብ ባለውለታ የሆነው አንጋፋው ፈለገ ሕይወት፣ ሁለተኛው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ጥበበ ግዮን ነው።

የሁለቱ ልዩነት ለከሳሽ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ፈለገ ሕይወት የክልሉ ተቋም ሲሆን ጥበበ ግዮን በዩኒቨርሲቲው በኩል የፌዴራል መንግሥት ነው። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሚሰጥ፣ በሁለቱም ጉዳይ ክሱ እዚያው ባሕር ዳር ሊታይ ይችላል።

የመንግሥት ኃላፊነት የሚመዘነው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2126 እና 2127 ነው። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ለመንግሥት ጥቅም እንደሚሠራ በቅን ልቡና አምኖ ያጠፋው ጥፋት የሥራ ጥፋት ይባላል፤ ለዚህም ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለው የግል ጥፋት ሲሆን መንግሥት አይጠየቅበትም። ለምሳሌ ራሱን ሊያጠፋ እንደሚችል የተነገረለትን ታካሚ በሌሊት ተራው ሳይከታተል የቀረ ነርስ ጥፋት በመጀመሪያው ዓይነት ሊመደብ ይችላል። ታካሚን በክፋት ደብድቦ የገደለ ጠባቂ ጥፋት ግን የግል ከተባለ፣ በደሉ የከፋበት ቤተሰብ አንድ ደመወዝተኛን ብቻ ከሶ መቅረቱ ነው፤ ይህ የሕጉ ግራ የሚያጋባ ገጽ ነው።

አንቀጽ 2095 በሞት ጊዜ ካሳ የመጠየቅ መብትን ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆችና ወደ ላይ ላሉ ዘመዶች፣ እንዲሁም ለልጆችና ወደ ታች ለሚቆጠሩ ተወላጆች ይሰጣል፤ ካሳውም በቀለብ መልክ ይከፈላል። «ሟቹ ሥራ ስላልነበረው ማንንም አይጦርም ነበር» የሚለው የተለመደ መከላከያ መብቱን አያስቀርም፤ ሟቹ በሕይወት ሳለ ቀለብ ባይሰጥም ካሳው እንደሚገባ አንቀጹ በግልጽ ይደነግጋል። መጠኑን መወሰን ግን ሌላ ጣጣ ነው። እኅትና ወንድም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ የአእምሮ ሕመምተኛን ለዓመታት ያስታመመች እኅት እስከ መጨረሻው አልጋው ሥር ብትከርምም በዚህ አንቀጽ የራሷ መብት የላትም።

የሞራል ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይህ ጣሪያ በንጉሡ ዘመን ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ግን የአንድ ቀን የለቅሶ ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ ስለሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አከራካሪ ነጥብ አለ። ከውል ውጭ የሚቀርብ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል፤ ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ይጸናል። አንዳንድ የሕግ ሰዎች ሆስፒታልና ታካሚ የሕክምና ውል አላቸው፣ አንቀጽ 2651ም ተቋሙን ለሠራተኞቹ ጥፋት ተጠያቂ ያደርጋል በማለት የአሥር ዓመቱን የውል ይርጋ ይጠቅሳሉ። ክርክሩ የሚያስኬድ ይመስላል፤ ቢሆንም ሁለቱን ዓመት አለማሳለፍ ይሻላል።

ክሱ ብዙውን ጊዜ የሚላላው በማስረጃ ነው። በአካባቢው ሰው በሞተ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚቀበር፣ የአስከሬን ምርመራ መጠየቅ ለቤተሰቡ ቀብር ማዘግየት ይሆንበታል። በዚህ የተነሳ ዋናው ማስረጃ የታካሚው ካርድ ይሆናል፤ የተሰጠው መድኃኒት፣ የክትትሉ ሰዓትና የፈረመው ባለሙያ የሚገኙት እዚያ ላይ ነው። በዎርዱ ውስጥ አስታማሚ አብሮ ማደሩም የሚጠቀሰው በሁለት መንገድ ነው፦ ለቤተሰቡ የዓይን ምስክር ይሆናል፤ ተከሳሹ ደግሞ «ጥበቃው የእናንተም ነበር» ብሎ ይከራከርበታል።

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 መሠረት በድሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በጠበል ቦታ የሚደርስ ሞት ግን ከዚህ ማዕቀፍ ውጭ ነው፤ የጠበል ቦታ የመንግሥት ተቋም ስላልሆነ ቤተሰቡ መክሰስ ያለበት ጥፋቱን ፈጸመ የሚለውን ሰው ነው።