ፕሮግኖሲስ ምንድን ነው? የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚ “ቁርጡን ንገሩኝ” ሲል

የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደያዘው የተነገረው ሰው ብዙ ጊዜ ስለ መድኃኒቱ ከመጠየቁ በፊት “ስንት ጊዜ ቀረኝ? ቁርጡን ንገሩኝ” ይላል። እሱ ባይደፍር እንኳ አብራው የመጣችው ልጁ ወደኋላ ቀረት ብላ ሐኪሙን ትጠይቃለች። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ፕሮግኖሲስ ይባላል። በሽታው ወዴት ሊሄድ፣ ታማሚውም ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል የሚሰጥ ግምት ነው። ቁርጥ አይደለም። ይህን የምጽፈው ሰዎች ግምቱን እንደ ቁርጥ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር “የአምስት ዓመት በሕይወት የመቆየት ምጣኔ” ነው። ካንሰሩ ከተገኘባቸው 100 ሰዎች መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ ስንቶቹ በሕይወት አሉ? በሌላ ምክንያት የሚመጣ ሞት በስሌት ተስተካክሎ የሚወጣውን የአሜሪካ አኃዝ ብናይ፣ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር በጥቅሉ ከ5 ሰው 1 ገደማ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ልቡ ቢሰበር አይፈረድበትም። ግን ቁጥሩን ከፍተን እንየው። ካንሰሩ ከቧንቧው ሳይወጣ የተደረሰባቸው ሰዎች ለብቻ ሲቆጠሩ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመትን ይሻገራሉ። በአካባቢው ወዳሉ ንፍፊቶች (ሊምፍ የሚባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩ ትናንሽ እጢዎች) ከደረሰ ከ100 ወደ 28 ይወርዳል። እንደ ጉበትና ሳንባ ወዳሉ ሩቅ አካላት ከተሰራጨ ከ100 አምስት ወይም ስድስት ነው። ጥቅሉ ቁጥር እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የደባለቀ ስለሆነ የማንንም ሁኔታ በትክክል አይገልጽም።

ሌላም ነገር አለ። አምስት ዓመት ለመቁጠር አምስት ዓመት ማለፍ አለበት። ስለዚህ ዛሬ የምናነበው ቁጥር ከዓመታት በፊት የታከሙ ሰዎች ታሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሕክምናዎች ገና አልገቡበትም።

በዚህ ካንሰር ጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የቧንቧው ግድግዳ ድርብርብ ነው። ካንሰሩ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን ካላለፈ ወደ ንፍፊት የመዝለቅ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ብቻ ተልጦ ሊወጣ ይችላል። ቀጥሎ ያለው ሽፋን ግን በሊምፍ መስመሮች የተሞላ ነው። እዚያ ከደረሰ ከ5 ታማሚ በአንዱ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በሚሆኑት ንፍፊት ውስጥ ይገኛል። መስመሮቹ በቧንቧው ቁመት ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚሄዱ ደረት ላይ የተነሳ ካንሰር አንገት ወይም ጨጓራ አጠገብ ያለ ንፍፊት ውስጥ ብቅ ሊል ይችላል። በዚያ ላይ ቧንቧው ሆድ ውስጥ ያሉ አካላትን የሚሸፍነው ዓይነት የውጭ ሽፋን ስለሌለው ካንሰሩ ወደ ጎረቤት አካላት መዝለቅ ይቀለዋል።

በሽታው ዘግይቶ የሚታወቀው ደግሞ ቧንቧው ተለጣጭ ስለሆነ ነው። ዕጢው እያደገ እንኳ ምግብ እየተገፋ ያልፋል። መጀመሪያ ጠጣር ምግብ ደረት ላይ ቀረት ይላል። ሰውየው በውኃ ያወርደዋል፣ ትንሽ ትንሽ ይጎርሳል፣ ቀስ ብሎ ያኝካል። ቆይቶ ለስላሳው፣ በመጨረሻም ፈሳሹ እምቢ ይላል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ክብደቱ ቀንሷል። የክብደቱ መቀነስ ራሱ ለግምቱ ግብዓት ነው። ብዙ ኪሎ የቀነሰና አብዛኛውን ቀን አልጋ ላይ የሚውል ሰው ከባዱን ሕክምና መቋቋም ይቸግረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ “ራስህ ትለብሳለህ? ደረጃ ትወጣለህ?” ሲል ለጨዋታ አይደለም።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም ተቆርጦ የወጣው አካል በማይክሮስኮፕ ታይቶ የሚጻፈው፣ ይመጣል። እዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑ ነው። ሁለተኛው የንፍፊት ቁጥር ነው። አንድ ወይም ሁለት ካንሰር ያለበት ንፍፊት አንድ ምድብ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ሌላ፤ ሰባትና ከዚያ በላይ ሌላ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ግምቱ ይከብዳል። ስንት እንደተመረመረም ተመልከቱ። “ከ6 ንፍፊት ዜሮ” እና “ከ30 ንፍፊት ዜሮ” እኩል አያሳምኑም። የመጀመሪያው ገና ያልታየ ነገር ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ብዙ ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ ወይም ኬሞና ጨረር ይወስዳሉ። ይህ ግምቱን ራሱን ቀይሮታል። ክሮስ የተባለው የኔዘርላንድስ ጥናት ውጤት በ2012 ሲወጣ፣ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ግማሾቹ የኖሩት ከ24 ወር በላይ ነበር። አስቀድመው ኬሞና ጨረር በወሰዱት ላይ ይኸው ቁጥር 49.4 ወር ሆነ። ቀድመው ከታከሙትና ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ከ100 በ29ኙ ደግሞ ተቆርጦ በወጣው አካል ውስጥ አንድም የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም። ስኳመስ የሚባለው ዓይነት ካንሰር በነበረባቸው ላይ ግማሽ ያህሉ እንዲህ ሆነዋል፤ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ሌላው ዓይነት በነበረባቸው ደግሞ ሩብ የሚጠጉት። ስለዚህ በመጀመሪያው ሲቲ ስካን ላይ የተሰጠ ግምት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሊሻርም ሊጠናከርም ይችላል። በ2017 የታተመው የካንሰር ደረጃ አሰጣጥ (ካንሰሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚለካበት) ለዚህ ሲል ሦስት የተለያዩ ሠንጠረዦች አሉት፦ ከሕክምና በፊት፣ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ቀድሞ ታክሞ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት።

ኮምፒውተርም ገብቶበታል። ዕድሜ፣ ደረጃ፣ የንፍፊት ቁጥርና የመሳሰለው ሲሰጠው መቶኛ ያወጣል። ጠቃሚ ነው። ግን በአንድ ቦታ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ሞዴል (እንዲህ ያለ የስሌት ፕሮግራም) ሌላ ቦታ ሳይፈተሽ አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም። ማን የባሰ አደጋ ላይ እንዳለ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። ሞዴሉ “70 በመቶ የመኖር ዕድል አላችሁ” ካላቸው ሰዎች በእርግጥ ከ100ው 70ው መኖራቸው ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሞዴል የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል።

ጊዜ ራሱም ግምቱን ያድሳል። ለስሌት ያህል 100 ታማሚ እንውሰድ። ከሁለት ዓመት በኋላ 50ው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 30ው በሕይወት አሉ እንበል። መጀመሪያ ቀን ላይ የአምስት ዓመቱ ዕድል 30 በመቶ ነበር። ሁለቱን ዓመት የተሻገረ ሰው ግን አሁን የሚቆጠረው ከ50ዎቹ ጋር ነው። ከ50 30 ማለት 60 በመቶ ነው። ይህ ካንሰር የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ስለሆነ ያንን ጊዜ ማለፍ ብዙ ትርጉም አለው። ሆኖም ስንት ሰው በሦስተኛው ዓመቱ የመጀመሪያ ቀኑን ቁጥር ተሸክሞ ይኖራል!

መስማት የማይፈልግ ሰው አለመስማት መብቱ ነው። መስማት ለሚፈልግ ግን “ስንት ወር?” ብሎ አንድ ቁጥር ከመጠየቅ “እንደኔ ያሉ ሰዎች ቢከፋ፣ ቢበጅ፣ በተለምዶስ ምን ያህል ይቆያሉ?” ማለት ይሻላል። ለተሰራጨ ካንሰር ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ግምታዊ መንገድ አለ። ግማሹ ታማሚ የሚሻገረው ጊዜ 10 ወር ከሆነ፣ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው የሚወድቀው ከ5 እስከ 20 ወር ባለው ውስጥ ነው። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ደግሞ 30 ወርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ይህን መልስ ዛሬ ስሙት፤ ከኬሞው በኋላ ደግማችሁ ጠይቁ፤ የፓቶሎጂው ወረቀት ሲመጣም እንደገና።