ባላናይተስ ምንድን ነው? አልለቅ ስላለ የወንድ ብልት ማሳከክ

ባላናይተስ የወንድ ብልት ጫፍ ቆዳ ሲቆጣ ሐኪሞች የሚጠሩበት ስም ነው። ቆዳው ቀልቷል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ያብጣል ማለት ነው። ምን እንዳስቆጣው ግን ስሙ አይናገርም። “ትኩሳት አለው” እንደማለት ነው፤ መንስኤው ገና ይፈለጋል።

ብዙ ወንድ ግን መንስኤውን ሳይፈልግ “የአባላዘር በሽታ ያዘኝ” ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ከዚያ ሐፍረት ይመጣል፤ ሐፍረቱ ደግሞ ወደ ሳሙና ይወስደዋል። ጠዋት በሳሙና፣ ማታ በሳሙና፣ ሲብስበት በፀረ ጀርም። የዚህ ቦታ ቆዳ ስስ ነው። ሳሙናው የተፈጥሮ ወዙን ሙልጭ አድርጎ ሲያወጣው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ማሳከኩም ይብሳል። ሰውየው “በደንብ አልጸዳም” ብሎ እንደገና ያሻል። በጥቂት ቀን ሊድን የሚችለው ነገር በዚህ መንገድ ወራት ይፈጃል።

አለመታጠብም ያው ነው። ባልተገረዘ ወንድ ሸለፈት ሥር እርጥበትና ነጭ እድፍ ሲጠራቀም ቆዳው ይቆጣል፤ ችግሩ ባልተገረዙ ወንዶች ላይ የሚበዛውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በቀን አንዴ ሸለፈቱን ሳያስገድዱ ወደ ኋላ ሰብስቦ ለብ ባለ ውሃ ብቻ መታጠብ፣ በቀስታ ማድረቅ፣ ከዚያ ወደ ቦታው መመለስ ይበቃል። መመለሱን ቀላል አድርጎ የሚያይ አለ። ሸለፈቱ ከኋላ ተይዞ ከቀረ ግን ጫፉን ያንቃል፤ ደም መዘዋወር ይቸገራል፤ ይህ ለነገ የማይባል፣ ድንገተኛ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው።

ሌላው የተለመደ መንስኤ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ ቅባት በቀን ሁለቴ ከ7 እስከ 14 ቀን ሲቀባ ይለቃል። ለቆ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ይለካ። ስኳር ያለበት ሽንት ለፈንገስ ይመቸዋል፤ የስኳር በሽታ እንዳለበት ያላወቀ ሰው የመጀመሪያ ምልክቱ ይኸው ማሳከክ ሊሆን ይችላል። እንደ ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ያሉ የስኳር መድኃኒቶችም ስኳሩን በሽንት ስለሚያስወጡ ይህንኑ ያመጣሉ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ከማቋረጥ ለሐኪም መንገር ይሻላል።

የሚዋጥ መድኃኒትም እዚያው ቦታ ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ለምሳሌ ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ኪኒኑን በወሰደ ቁጥር አንድ ክብ ጠቆር ያለ ቁስል ያንኑ ቦታ ጠብቆ ሊወጣበት ይችላል። ማሳከኩ ሌሊት የሚበረታ፣ ብልትና ቆለጥ ላይ ጠጠር ያሉ እብጠቶች ያሉት፣ የቤት ሰውም አብሮ የሚያክ ከሆነ ደግሞ መጠርጠር ያለበት እከክ ነው። የኮንዶም ላቴክስና ሽቶ ያለው ሳሙናም ቆዳ ያስቆጣሉ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሰው ከሰው እየተቀባበለ የሚጠቀመው ስቴሮይድ የተባለ የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት ድብልቅ ቅባት ነው። ቅላቱን ወዲያው ያጠፋዋል፤ ሰውየውም የዳነ ይመስለዋል። ከሥሩ ያለው ፈንገስ ግን ተደብቆ ይስፋፋል።

ታዲያ መቼ ሐኪም ዘንድ ይኬድ? ሳሙናውን ትቶ በውሃ ብቻ እየታጠበ ሁለት ሳምንት ያልተሻለው ሰው ይሂድ። ቁስል፣ ፈሳሽ፣ ደም ወይም ሽንት ሲሸና ማቃጠል ካለ ሁለቱን ሳምንት አይጠብቅ። “አያመኝም” ማለትም ዋስትና አይሆንም። የቂጥኝ ቁስል ብዙ ጊዜ አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ይቀጥላል። ነጭ ሆኖ የሚደድር ቆዳ፣ እየጠበበ አልሰበሰብ ያለ ሸለፈት፣ የማይድን እብጠት ወይም ቁስልም መታየት አለበት፤ አልፎ አልፎ ካንሰር ይሆናል። ከባድ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ ወደ ቆለጥ የሚዛመት እብጠት፣ የሚጠቁር ቆዳ ወይም ሽንት እምቢ ማለት ካለ በዚያችው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ምርመራው ከሐፍረቱ ያነሰ ነው። ሐኪሙ ያያል፣ እንዳስፈላጊነቱ በጥጥ ናሙና ይወስዳል፣ ስኳርና ቂጥኝ ያስመረምራል፤ ያልለየለት ከሆነ ትንሽ ቆዳ ቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። እስከዛሬ የተቀቡትን ቅባቶች ከነቱቦአቸው ይዞ መሄድ ብዙ ጥያቄ ያሳጥራል።