ፊውዝ ምንድን ነው? የሚጠብቀውስ ማንን ነው?

«ፊውዜ ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ አስቸገረኝ» ያለ ሰው የሚያገኘው ምክር ሁሌ አንድ ነው። «10ሩን አውጣና 20 ክተትበት። እሱ ጠንካራ ነው፣ አይቃጠልም።» ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። መካሪው ልበ ሙሉ ነው። «እኔ ካደረግኩት ቆየሁ፣ እስካሁን ምንም አልሆነም» ብሎ ማስረጃም ጨመረበት። ብዙ ጊዜ ሰምቼ ዝም እላለሁ። አሁን ግን በዛ።

ፊውዝ ማለት የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ሲበዛ ቀልጦ መስመሩን የሚያቋርጥ ቀጭን ብረት ያለበት ትንሽ ዕቃ ነው። 10ሩና 20ው የተሠራበት የአምፔር ልክ ነው፤ አምፔር የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው። የፊውዝ ሳጥኑ የት እንዳለና ፊውዝ እንዴት እንደሚነቀል አላስረዳም። የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሳጥኑ ክዳን ላይም ተስሏል። መነጋገር የምፈልገው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ፊውዙ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ብዙ ሰው ዕቃውን ይመስለዋል። የሬዲዮ ፊውዝ ሬዲዮውን ይጠብቃል፣ የክላክስ ፊውዝ ክላክሱን ይጠብቃል። ከዚህ ተነስቶ ሒሳቡን ይሠራል፦ «ክላክሱ ቢቃጠል ሌላ እገዛለሁ፤ ታዲያ ፊውዙን ከፍ ባደርገው ምን አጣለሁ?» መነሻው ስለተሳሳተ መድረሻውም ተሳስቷል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ዕቃው አብሮ ቢተርፍ እሰየው፤ የተቀመጠው ግን ለሱ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ፊውዝ የሚበጠሰው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው። ሬዲዮ ውስጥ ያለ ስስ ኤሌክትሮኒክስ ፊውዝ እስኪቀልጥ አይጠብቅም፤ ቀድሞ ይሞታል።

ሽቦው ለምን ጠባቂ አስፈለገው? የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ቮልቱ ትንሽ ነው፤ የሚያወጣው ከረንት (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ግን ትንሽ አይደለም። ሞተሪኖ (መኪናውን የሚያስነሳው ሞተር) ሲዞር ከዚያው ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይወጣል። አንዲት ቀጭን የፍሬቻ ሽቦ ተልጣ ቦዲ ብትነካ ባትሪው «ይቺ ቀጭን ናት፣ ልራራላት» አይልም። ያለውን ይለቀዋል። ሽቦዋ ደግሞ የምታልፈው ምንጣፍ ሥር፣ ከዳሽቦርድ ጀርባ፣ ከስፖንጅና ከፕላስቲክ ጎን ነው። ሽፋኗ ቀልጦ አጠገቧ ያሉትን ሽቦዎች ካገኘች፣ እሳቱ ከየት እንደተነሳ ማወቅ እንኳ ያስቸግራል።

ድልድይ አስቡ። ሽቦው ድልድዩ ነው፤ 10 ቶን እንዲሸከም ተሠርቷል። ፊውዙ መግቢያው ላይ የቆመ ጠባቂ ነው። ከአቅም በላይ የጫነ ሲመጣ መንገዱን ይዘጋል። አሁን መካሪያችን ምን አለ? ጠባቂው እየዘጋ አስቸገረን፣ እሱን አባርረን እስከ 20 ቶን የሚያሳልፍ እንቅጠር። ይቀጠራል። ሁሉም ያልፋል። ድልድዩ ግን ያው ድልድይ ነው፤ አንድ ብረት የጨመረበት የለም። ጠባቂ የሚመረጠው በድልድዩ አቅም እንጂ በአላፊው ፍላጎት አይደለም።

ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል፤ ቀድሜ ልናገር። ድልድይ ላይ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጫናውም እጥፍ ነው። ሽቦ ላይ ግን ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። 1 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ውሰዱ። 10 አምፔር ሲያልፍበት በየሜትሩ ወደ 1.7 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ቀላል ነው። 20 አምፔር ሲሆን ወደ 7 ዋት ይጠጋል። 30 ሲሆን 15 ዋት ያልፋል። ሽቦው ደግሞ ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ከሌሎች ብዙ ሽቦዎች ጋር በቴፕ ተጠቅልሎ፣ አንዳንዴም ከጋለ ሞተር አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሙቀቱ መሄጃ የለውም።

ጠባቂውም ሰው እንደሚያስበው ጥብቅ አይደለም። 10 የተጻፈበት ፊውዝ 10.1 አምፔር ሲደርስ ቀጥ አይልም። በተለመደው ባለ ሁለት እግር ጠፍጣፋ ፊውዝ ደረጃ መሠረት፣ 11 አምፔር ቢያልፍበት ቢያንስ 100 ሰዓት መቆየት አለበት። 13.5 ከሆነ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊበጠስም፣ እስከ 10 ደቂቃ ሊቆይም ይችላል። እጥፉ፣ ማለትም 20 አምፔር፣ ሲያልፍበት እንኳ እስከ 5 ሰከንድ ይፈቀድለታል። ይህ የሥራ ጉድለት አይደለም። ሞተር ያለው ዕቃ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ስለሚስብ ታስቦበት ነው። እንግዲህ 30ውን በ10ሩ ቦታ ስታስገቡ ምን እንደፈቀዳችሁ ቁጠሩ። 33 አምፔር ለሰዓታት ሊያልፍ ነው። ያቺ ቀጭን ሽቦ በየሜትሩ ከ18 ዋት በላይ እየጋለች፣ ፊውዙ ደግሞ በደረጃው መሠረት ምንም ጥፋት የለበትም።

አሁን ወደ «እስካሁን ምንም አልሆነም» ልመለስ። ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው። ትልቅ ፊውዝ በራሱ ምንም አያቃጥልም። ሁሉም ነገር ደህና እስከሆነ ድረስ ፊውዙ 10 ሆነ 100 ለውጥ የለውም፤ ዕቃው የሚስበው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሽቦው የሆነ ቦታ የተላጠ ቀን ነው። ብስክሌት ሲያልፍማ ማንም ጠባቂ ጎበዝ ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ 10ሩ ይቃጠል የነበረው ለምን ነበር? ምክንያቱ የትም አልሄደም። 20ው ችሎ ከቆመ፣ አንድ ነገር ከታሰበለት በላይ እየሳበ ነው ማለት ነው። ኩሽኔታው ያለቀ የአየር ማራገቢያ ሞተር ሊሆን ይችላል፤ መስታወቱ ተጣብቆበት የሚታገል የመስኮት ሞተርም ሊሆን ይችላል። ፊውዙ ይህንን ሲነግራችሁ ነበር፤ እናንተ ዝም አሰኛችሁት።

«አምራቹ ለጥንቃቄ ብሎ ዝቅ አድርጎት ነው» የሚልም አለ። ትንሽ እውነት አለበት። አምራቾች ትርፍ ቦታ ይተዋሉ። ግን ያ ትርፍ አስቀድሞ ተይዟል፤ ለሞተር ክፍል ሙቀት፣ ለሚያረጅ ሽፋን፣ ለሚዝግ ማገናኛ። በዚያ ላይ፣ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት መኪኖች እንደተገጠመላቸው ዕቃ የሽቦ ውፍረታቸው ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ «የጓደኛዬ መኪና ላይ እዚያው ቦታ 20 ነው ያለው» ማስረጃ አይሆንም። የራሳችሁን መኪና መመሪያ እዩ።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከመብራት ነው። ባለ 55 ዋቱ አምፖል ይወጣና ባለ 100 ዋት ይገባል። ሁለት 55 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። ሁለት 100 ዋት ግን ወደ 17። ፊውዙ ይቃጠላል፤ ባለቤቱ ፊውዙን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያው ይቀልጣል። ተጨማሪ ኃይል የሚያስፈልገው ዕቃ ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ከባትሪ ራሱን የቻለ ወፍራም ሽቦ፣ ለሽቦው ልክ የሆነ ፊውዝ፣ የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ)። ሌላ ድልድይ መሥራት ማለት ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ማጥፋቱን ለሌላ ቀን ልተወው።

ፊውዝ የሽቦ ጠባቂ ለመሆኑ ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ የሚቀመጥበትን ቦታ ተመልከቱ። ለአምፕሊፋየር (ለድምፅ ማጉያ) ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ሲሳብ ፊውዙ የሚገባው ባትሪው አጠገብ ነው፤ በተለምዶ ከ45 ሳንቲሜትር አይርቅም። ዕቃውን የሚጠብቅ ቢሆን ኖሮ ዕቃው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። እንዲያ የሚያደርጉም አሉ። ኋላ፣ አምፕሊፋየሩ ጋ፣ ያማረ ፊውዝ፤ ከባትሪው እስከዚያ ድረስ ግን ሜትሮች የሚረዝም ሽቦ ያለ ጠባቂ። ሽቦው ከሞተር ክፍሉ ወደ ውስጥ ሲያልፍ የብረቱ ቀዳዳ ቢልጠው፣ ኋላ ያለው ፊውዝ አያውቅም። ድልድዩ መሐል ላይ ሲናድ ጠባቂው ማዶ ቆሟል። አምፕሊፋየሩ ላይ አብሮ የተሠራ ፊውዝ ካለ እሱን አትንቀሉ፤ የዚያ ሥራ ሌላ ነው።

ፊውዝን ይህን ያህል ካወደስኩት የማይችለውንም ልናገር። ፊውዝ የሚያየው የከረንቱን ብዛት ብቻ ነው። የላላ ግንኙነት አይታየውም። የላላ ወይም የዛገ ማገናኛ ከረንቱን የሚያግት 0.1 ኦም ተቃውሞ ጨምሮ 15 አምፔር ቢያልፍበት፣ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ከ22 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ከረንቱ ግን ከተለመደው አልበለጠም፤ እንዲያውም ትንሽ ቀንሶ ይሆናል። ጠባቂው የሚመዝነው የሚገባውን መኪና ነው፤ ድልድዩ መሐል ያለው ስንጥቅ ከቆመበት አይታየውም። ፕላስቲኩ ቀልጦ ውስጡ ያለው ብረት ሳይበጠስ የቀረ ፊውዝ ካገኛችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ፊውዙን ብቻ መቀየር አይበቃም፤ የሚሰካበትም መታየት አለበት።

ወደ ሞተሪኖ የሚሄደው ወፍራም ገመድም በብዙ መኪኖች ላይ ፊውዝ የለውም። አልፎ አልፎ ኮፈን ከፍታችሁ ገመዱ ከብረት ጋር እየተፋተገ እንዳልሆነ እዩ። ባትሪ ስትፈቱም ፊውዝ አይደርስላችሁም። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ። 12 ቮልት ደረቅ እጅ ላይ ባይነዝርም፣ በፖዘቲቭና በቦዲ መካከል የገባ ቀለበት ወዲያው ግሎ ጣት ያቃጥላል። ሲፈታ ነጋቲቭ ይቅደም፣ ሲታሰር ነጋቲቭ መጨረሻ ይሁን። ነጋቲቩ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱ ከተፈታ በኋላ ፖዘቲቩን የምትፈቱበት ቁልፍ ቦዲ ቢነካም ምንም አይፈጠርም። ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ብርቱካንማ ገመድ ካያችሁ ግን እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይሠራም። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። አትንኩት።

የፊውዝ ቀለም ለጌጥ አይደለም። በተለመዱት ጠፍጣፋ ፊውዞች ላይ ቡኒ 7.5፣ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30 አምፔር ነው። በተቃጠለ ፊውዝ ላይ ስለሚጠቀለል የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀትና የመዳብ ክር ብዙ አልልም። እሱን የጠቀለለ ሰው ጠባቂ አልቀየረም፤ ጠባቂውን አባሮ በሩን በርግዶታል። መንገድ ላይ ቸግሯችሁ ከሆነ፣ ቁጥሩ እኩል የሆነ ወይም የሚያንስ ፊውዝ ለጊዜው ከማትፈልጉት ዕቃ ላይ ነቅላችሁ ተጠቀሙ። ያነሰው ቢበጠስ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም።

ፊውዝ አንድ ጊዜ ከተቃጠለ በዚያው ቁጥር ቀይሩት። ፊውዝም ያረጃል፣ ንዝረትም ይበጥሰዋል። ሲደግም ግን ሦስተኛውን ከማስገባታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ውስጡ ጠቁሮ የተበታተነ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሾርት ነው፤ ማለትም ሽቦ ተልጦ ቦዲ ነክቷል። መሐሉ ያለ ጥቁረት ቀልጦ ከተለያየ ደግሞ ዕቃው ከልክ በላይ ሲስብ ቆይቷል።

ሾርት ለመፈለግ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ርካሽ ዘዴ አለ። በመስመሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ከማገናኛቸው ንቀሉ። በፊውዙ ቦታ፣ በሁለት ሽቦ፣ የ21 ዋት አምፖል አስገቡ። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይጎዳም፣ ፊውዝም አይባክንም። ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል። ከዚያ ሽቦውን በየቦታው አነቃንቁ፤ ከበር መታጠፊያ ጀምሩ፣ ቀጥሎ የኋላ ክዳን መታጠፊያ፣ ወንበር ሥር፣ የተጎታች ሶኬት ካለም እሱ። የሚተጣጠፍ ሽቦ ቀድሞ ይላጣልና ብዙ ጊዜ ፍለጋው በሩ ላይ ያልቃል። የሆነ ቦታ ስትነኩ አምፖሉ ከጠፋ ወይም ከተርገበገበ የተላጠው እዚያ ነው። ይህን ግን በኤርባግ መስመር ላይ ፈጽሞ አትሞክሩ። ማገናኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ናቸው። ፊውዙ የዚያ ከሆነ መኪናውን ለባለሙያ ስጡ።