ለመገናኛ መሣሪያ የሚቀረጽ አሉሚኒየም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አዳማ ላይ ቶርኖ ቤት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የመኪና ዕቃና የወፍጮ ዘንግ ነው። ለቴሌኮም መሣሪያ የሚቀረጸው አካልም ከዚያ የማይለይ የሚመስላቸው ሙያውን የሚማሩ ወጣቶች ስላሉ፣ ደጋግሜ የምሰማውን ላርም።

«ዋናው ሥራ የኤሌክትሮኒክሱ ነው፤ ብረቱ ሽፋን ነው።» ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የስልክ ማማ ፊልተር (የተፈለገውን ድግግሞሽ አሳልፎ ሌላውን የሚያግድ ክፍል) ውስጥ የትኛው ድግግሞሽ እንደሚያልፍ የሚወስነው የተቀረጸው ክፍልና በውስጡ የቆመው ዘንግ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ሩብ 83 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ቁመት የተሠራ ዘንግ በ0.1 ሚሊሜትር ቢያጥር ድግግሞሹ በ1 ሜጋኸርዝ ያህል ከፍ ይላል፤ የጂኤስኤም (የሞባይል ስልክ ሥርዓት) አንዱ ቻናል ስፋት ግን 0.2 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ማስተካከያ ብሎን ቢኖርም የሚያርመው ትንሹን ነው።

«ሲኤንሲ ካለ ልኩ ራሱ ይመጣል።» ሲኤንሲ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የመቅረጫ ማሽን ነው፤ ማሽኑ የታዘዘውን ይሄዳል እንጂ ቢላው መዶልዶሙን አያውቅም። ሞርሳ (ዕቃ ማሰሪያ) ላይ አጥብቀው ያሰሩት ስስ ግድግዳ ሲፈታ ይመለሳል፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ይጎብጣል። ከሁሉ የሚዘነጋው ሙቀት ነው። ስዕል ላይ ያለው ልኬት የሚሠራው በ20 ዲግሪ ነው። የሥራ ቦታው 32 ዲግሪ ከደረሰ 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ወደ 28 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ይረዝማል። የብረት ማይክሮሜትሩም (መለኪያው) አብሮ ይረዝማል፣ ግን በግማሽ ያህል ብቻ፤ ስለዚህ ንባቡ ያሳስታል። ከማሽን ትኩሱን አውጥቶ መለካትማ ጭራሽ አይሆንም። ዕቃውና መለኪያው አንድ ክፍል አድረው ጠዋት ቢለኩ እመርጣለሁ።

«ወርቅ የሚለበጠው ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አንደኛ ስለሆነ ነው።» አንደኛው ብር ነው፣ ቀጥሎ መዳብ፤ ወርቅ ከሁለቱም ያንሳል። ወርቅ የሚፈለገው ስለማይዝግ ነው፤ ማገናኛዎች ጫፍ ላይ የምናየውም ለዚህ ነው። የፊልተር ውስጥ በአብዛኛው በብር ይለበጣል። በ1 ጊጋኸርዝ ጅረቱ በብሩ ላይ የሚሄደው በዋናነት 2 ማይክሮን በሚሆን ጥልቀት ነው፤ ቢላው የተወው ሸካራ መስመር ከዚያ ከጠለቀ ጅረቱ መንገዱ ይረዝምበታል፣ ኃይልም ይባክናል።

«ሁሉም ልኬት በጠባብ የስህተት ገደብ መሠራት አለበት።» የለበትም። የክዳን ብሎን ቀዳዳ ላይ ማይክሮን መፈለግ ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

«ጠርዝ ላይ የቀረ ሹል እጅ ካልቆረጠ ችግር የለውም።» ክዳኑ ከአካሉ ጋር እንዳይገጥም ያደርገዋል። ላልቶ የሚነካካ ብረት ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ሲያልፍበት ያልተላኩ ድግግሞሾችን ይፈጥራል፤ እነዚህም ማማው ደካማ ምልክት በሚቀበልበት ቻናል ላይ ሊወድቁ ይችላሉ።