ካፖርቱን ይተዉት! (ስለ እርዳታ የምንሳሳታቸው ነገሮች)

ጎርፍ ወይም የመሬት ናዳ ደረሰ በተባለ ቁጥር አንዲት እናት ጎረቤቴ ይደውሉልኛል። «አንተ ልጅ፣ ልብስ ሰብስቤያለሁ። የት ላድርሰው?» ልባቸው ንጹሕ ነው። እኔ ግን ደክሞኛል።

«ያገለገለ ልብስ ከምንም ይሻላል።» አይሻልም! ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያን ሰሞን አንድ ማሰባሰቢያ ቦታ ሦስት ቀን ሙሉ ልብስ ስለይ ዋልኩ። ከአንድ ማዳበሪያ ውስጥ ያወጣሁትን ልንገራችሁ፦ የግራ እግር ብቻ ባለ ታኮ ጫማ፣ ዚፑ የተበላሸ ካፖርት፣ የሻገተ መጋረጃ፣ የምርቃት ጋዋን። ጋዋን! ናዳው የደረሰበት ቦታ እኮ ተራራ ነው። ኤክስካቫተር መድረስ ስላቃተው ሰው በአካፋና በእጁ ሲቆፍር ነበር።

ያን ሁሉ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ከዚያ አይሱዙ ይከራያል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ጫኝና አውራጅ ይከፈላል። በዚያ ብር እዚያው የዞኑ ከተማ ሳውላ ገበያ ሳሙናና ብርድ ልብስ መግዛት ይቻል ነበር። የአካባቢው ነጋዴም ይሸጥ ነበር።

እድራችንን ተመልከቱ። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ለቤተሰቡ ብር ይሰጣል። አሮጌ ሱሪ ይዞ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ብር ከሆነ ይበላል።» ሊበላ ይችላል። ልብስም ይበላል፤ ሰልባጅ ተራ ሄዶ ይሸጣል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ በተለጠፈ የግለሰብ ሂሳብ አትላኩ። ከመላካችሁ በፊት የሂሳቡን ባለቤት ስም እዩ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። ውጭ አገር ያላችሁ በተለይ፣ የሚያለቅስ ሰው ፎቶ ደረሰኝ አይደለም።

«መንግሥት ስንዴ ይሰጣቸው የለ?» ሙሉ የሚባለው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ድስቱ ናዳው ስር ቀርቷል። ወፍጮ ቤትም በነጻ አይፈጭም። «ስንዴውን ሲሸጡት አየሁ፤ አልተራቡም ማለት ነው» የምትሉኝ ሰዎች፣ ቀንሶ ካልሸጠ በምን ያስፈጨው?

«ዋናው ሮጦ መድረስ ነው።» ጎፋ ላይ ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሄዱ ናቸው። እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። ጎረቤቱን ሊያወጣ የሮጠውን ማን ይወቅሳል? እኔ የምለው ከአዲስ አበባ ካሜራ ይዞ መኪና የሚያስነሳውን ነው።

«አሁንማ አለፈ፤ ብንሰጥም አይጠቅም።» ብሔራዊ ሐዘኑ ሦስት ቀን ነበር። ቤት በሦስት ቀን አይሠራም።

ባለፈው ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ቡናቸውን እየጠጡ በጥሞና ሰሙኝ።

«እሺ» አሉ፤ «የካፖርቱን ዚፕ ባሠራውስ?»