አንጎል ስንተኛ ምን ይሠራል?

አንጎል እኛ ስንተኛ ሥራ አይፈታም። መጀመሪያ ከቀላል እንቅልፍ ወደ ከባዱ ይገባል፣ ቀጥሎ ህልም ወደሚበዛበት ደረጃ ይሻገራል። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ሌሊቱን አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ከባዱ እንቅልፍ የሚበዛው በእንቅልፋችን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፣ ህልሙ ደግሞ ወደ ንጋት ይበዛል።

ለትምህርትና ለማስታወስ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቀን የያዝነው አዲስ ነገር መጀመሪያ ሂፖካምፐስ በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። በከባድ እንቅልፍ ጊዜ አንጎል ያንኑ እየደጋገመ ዘላቂ ትዝታ ወደሚከማችበት ውጨኛ ክፍል ያሻግረዋል። ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያጠና የሚያድር ልጅ ያነበበው የሚጸናበትን ሰዓት ነው የሚያጣው። ወላጆችም «ጎበዝ፣ ሲያጠና አደረ» ብለን ባናበረታታ ጥሩ ነው። በዚያ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋል፤ ለአዋቂ ቢያንስ 7።

ሌላው ጉዳይ ቆሻሻን ማስወገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በማይከን ኔደርጋርድ መሪነት፣ አይጦች ሲተኙ በአንጎላቸው ሴሎች መካከል ያለው ክፍተት በ60 በመቶ ገደማ እንደሚሰፋና አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር የሚያያዘው ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ቶሎ እንደሚወገድ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት ግን ተቃራኒውን ስላገኘ ክርክሩ አልተዘጋም። በሰው ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችን ለ25 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። በ50ና በ60 ዓመታቸው 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የሚተኙት 7 ሰዓት ከሚተኙት ይበልጥ ለመርሳት በሽታ ተጋልጠው ተገኝተዋል። መንስኤው የእንቅልፍ ማነስ ብቻ ነው ለማለት ግን አይበቃም።

ወደ ቡናችን ስንመጣ፣ ቀን ሙሉ አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን አዴኖሲን ነው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን አንጎል ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝበታል፣ ድካሙን ግን አያጠፋውም። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ማታ 12 ሰዓት ላይ አቦል ቶና የጠጣ ሰው ምሽት 5 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አብሮት አለ። ቡናውን ወደ ቀን ማምጣት ይሻላል።

በቂ ሰዓት ተኝቶም ደክሞት የሚነሳ አለ። ኃይለኛ ማንኮራፋት ካለበት፣ ትንፋሹም በመሃል ቁርጥ የሚል ከሆነ፣ እንቅልፉ ሌሊቱን ሙሉ ይቆራረጣል፤ ይህ የሚታከም በሽታ ስለሆነ ሐኪም ይየው።