የአባላዘር በሽታዎች ምርመራና መከላከል በኢትዮጵያ

የአባላዘር በሽታዎች በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ሕመሞች ናቸው። በአገራችን ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክርና ባምቡሌ ከጥንት ጀምሮ በስም ይታወቃሉ። ክላሚዲያ፣ ትሪኮሞናስ፣ ሄርፒስ፣ ኤችፒቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤችአይቪም ከዚሁ ወገን ናቸው። ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ በመድኃኒት ፈጽሞ ይድናሉ።

ከሁሉም በላይ የተጻፈለት ኤችአይቪ ነው። ቫይረሱ በአገሪቱ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ከተሰበሰበ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። ብሔራዊው ፖሊሲ በ1990 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ሰሞን ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ተስፋ ጎህ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ፤ ሕመሙን መናገር ከቤተሰብና ከጎረቤት በሚያስነጥልበት ዘመን በአደባባይ ቆመው ያስተማሩት እነሱ ናቸው። መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ደምን መመርመር ሞትን ቀድሞ እንደመስማት ይቆጠር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ግን ለመመርመር በቂ ምክንያት ተገኘ፤ በሚሊኒየሙ ዋዜማ የተካሄደው ዘመቻም አገልግሎቱን አስፋፋው። ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒቱን ያቋረጡ ብዙ እንደነበሩ ይነገራል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱ እንደማይቃረኑና ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ ተናገሩ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉት ዘንድ የቫይረሱ ስርጭት 0.9 በመቶ ነበር። እዚህ የተደረሰው በጤና ጣቢያ ነርሶች፣ በላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ቤት ለቤት በሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ነው።

ሌሎቹ በሽታዎች ይህን ያህል ትኩረት አላገኙም። በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ሕክምናው በሚታየው ምልክት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከብልቱ ፈሳሽ የሚወጣው ወንድ ለጨብጥም ለክላሚዲያም በአንድ ጊዜ ይታከማል። አሠራሩ ሰውን ሳይታከም ከመመለስ ያድናል፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ግን አላስፈላጊ መድኃኒት ያበዛል ይላሉ። ትልቁ ክፍተቱ ምልክት የማያሳዩትን መሳቱ ነው። ክላሚዲያ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ሳይታከም ሲቆይ ግን የማሕፀን ቱቦን ጎድቶ መካን ሊያደርግ ይችላል።

ነፍሰ ጡሮች በቅድመ ወሊድ ክትትል ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ይመረመራሉ። ቂጥኝ የተገኘባት እናት በጊዜ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከተወጋች ጽንሱ ይተርፋል።

የትዳር ወይም የፍቅር ጓደኛ አብሮ ካልታከመ ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል። ከፋርማሲ በግምት እየገዙ መዋጥም ጨብጥ መድኃኒቱን እንዲለምድ ያደርገዋል። ኮንዶም በየጊዜውና በአግባቡ ከተጠቀሙበት ኤችአይቪን፣ ጨብጥንና ክላሚዲያን በደንብ ይከላከላል። ሄርፒስና ኤችፒቪ ግን ካልተሸፈነ ቆዳ ስለሚተላለፉ መከላከሉ ከፊል ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ኤችፒቪ ለመከላከል በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን መከተብ ተጀምሯል።

ኤችአይቪ ወደ ሰውነት በገባ ሰሞን ምርመራው ላያሳየው ስለሚችል፣ አጠራጣሪ ግንኙነት የነበረው ሰው በሦስተኛው ወር ደግሞ መመርመር አለበት። ተገዶ የተደፈረ ወይም ኮንዶም የተቀደደበት ሰው ግን ወራት አይጠብቅም፤ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነውና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት።